የአውራ ጣቱ ቦታ

«ውሃ አታስነካው» አለኝ ጋሽ ጦይብ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ጉሙ ራሱ ይበቃዋል፣ ከጦሳ የሚመጣው ተንከባሎ።»

አርባ ዓመት የሠራ የጀርመን ካሜራ፣ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤
በቀኝ ጥጉ ቆዳው፣ እንደ ደረቀ ቂጣ ጠርዝ ተነሥቷል።
ላዩን ያየ ሰው፣ አርጅቶ ነው ይላል።

በቢላ ጫፍ ቀስ ብዬ ስገልጠው፣
አረንጓዴ ዝገት ነው ከናሱ ምስማር የወጣው፣
ውስጥ ውስጡን ገፍቶ፣ ገፍቶ ቆዳውን ያሳበጠው።
በጥርስ ብሩሽ ፈቀፈቅሁት፣
በአልኮል ጠብታ ጠረግሁት፣
የድሮውን ሙጫ፣ እንደ እከክ፣ በጥፍሬ ላጥሁት።

ለምትኩ ኮምቦልቻ ወረድሁ፤ ከቆዳ ፋብሪካው በር፣
ከዘበኛው ከአሊጋዝ ጋር በቁርጥራጭ ስከራከር፣
መዳፍ የምታህል የፍየል ቆዳ አገኘሁ፣ ስስ፣ እንደ ከንፈር።
ስመለስ ሽታው ከእጄ አልለቅ ብሎኝ፣
ሐረጎን እስክንወጣ የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ሸሸኝ።

ለካሁ፣ ቆረጥሁ፣ ሙጫ ቀባሁ፤
የጀርባውን አሮጌ ልገሸልጥ ቢላዬን አነሣሁ።
እጄን ያዘው።
«እዚህ ጋ ተው።»

አየሁት። ሽብሽቡ ጠፍቶ፣ ልሙጥ ሆኖ፣ ትንሽ ጎድጉዷል፤
መታወቂያ ሲያነሣ፣ ሙሽራ ሲያስቅ፣
አንድ አውራ ጣት እዚያ ኖሯል።

«የሰዉን ፊት ለሰዉ ሰጥቼ ጨረስሁ፤
ለራሴ ይችን ታህል አስቀረሁ»
አለና ደግሞ ተቆጣ፣
«ምን ታፈጣለህ፣ ሙጫው ደረቀብህ!»

ጥጉን ብቻ ጠገንሁ። የቀረውን በሰም አሸሁት፤
እዚያች ቦታ ስደርስ፣ ጨርቄን አነሣሁት።

የተረፈችው የፍየል ቆዳ መሳቢያ ውስጥ ናት፤
ጉም በገባ ቁጥር ትሸታለች።