ውሃ ልክ

ሲትራ ላይ፣ ባሕሩ ጨው በሚተፋበት፣
ኪራይ ላጎበጠው ሲሠራ ርካሽ ቤት፣
ስድስት ልጅ አምጥተው «ሙያ አስይዝ» አሉኝ፤
ከነመዝገባቸው እጄ ላይ ጣሉልኝ።

ጃሲም የሚባለው፣ አረማመዱ ድመት፣
የሰው መስኮት ነበር የሱ ትምህርት ቤት።
ሸምሱ ደግሞ የባቲ፣ በጀልባ የመጣ፣
ለእናቱ «ደረስኩ» ብሎ ድምፁ የታጣ፤
አካፋ ሲጨብጥ ዐይኑን ከመሬት አያወጣ።

የመጀመሪያው ግድግዳ ሆዱን ነፋ።
ቱንቢ ጣልኩ። ክር አያዳላም።
«አፍርሱት» ስላቸው
ጃሲም ከት ብሎ ሣቀ፤ «ማፍረሱንማ እናውቃለን፣
ኡስታ፣ ለሱ አይደል ወዲህ የተላክን?»

ፈረሰ። ብሎኬቱን፣ ምርጊቱ ሳይደርቅ፣
እየፋቁ መለሱት፤ ወበቁ ሰው ሲያደቅቅ።
የውሃ ልኩ አረፋ መሐል ላይ ሲቆም
ሸምሱ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ወፍ አዳኝ ዝም።

መስኮት ስንገጥም ግን ጃሲም ተቆጣ፤
«ዝቅ ብሏል ይሄ! ሌባ በዚህ ቢመጣ?
ደፉን በክንድ ከፍ፣ ብረቱን ከውስጥ!»
መሐንዲሱ ፕላኑን ሲገልጥ ሲገላልጥ
«ከየት ተማርከው?» አለ።
ልጁ ሲሚንቶ የለበሰ እጁን ኪሱ ከተተ።

ደፉን ከፍ አደረግን።

ቁልፍ የታደለ ቀን ባልቴቷ ገቡና
መስኮቱን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ዳግም ከፈቱና
ውጭ የቆመውን ጃሲምን፣ «ና፣ ግባ።»
ጫማውን አውልቆ፣ በበር ገባ።

ማታ መሣሪያ ስንሰበስብ ሸምሱ ቀረበኝ፤
ቱንቢውን መዳፉ ላይ እየመዘነ፣
«ኡስታ፣ ባቲ ያለው ቤታችን ዘሟል።
ይሄ ስንት ነው?» አለኝ።