ሩብ ብርሃን

ሠላሳ አንድ ዓመት ዛጎል ስፈለፍል፣
ቀኝ ትከሻዬ ነው ዕዳውን የሚከፍል።
ሐኪሙ ጅማቴን በፎቶ አሳየኝ፣
እንደ አሮጌ መረብ ሳስቶ፣
«ከባድ ነገር ይቅር» አለኝ።

ያን ትልቁን ሌንስ፣ ሦስት ኪሎ ተኩሉን፣
እንደ ሕፃን ታቅፌ የኖርኩትን፣
ለኩሺሮ ነጋዴ ሸጥኩት።
ሳጥኑን ሲዘጋ ፊቴን አዞርኩ እንጂ አላለቀስኩም።
ውሸቴን ነው። መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ አልቅሻለሁ።

በምትኩ ገዛሁ አንድ ቀላል ሌንስ፣
ቁመቱ ከመዳፌ እስከ ክርኔ የማይደርስ፣
ክብደቱ ግማሽ ጥቅል ጎመን ቢያህል ነው፤
ሁለት አጫጭር ማራዘሚያም አብሮ አለው፦
አንዱ አንድ ነጥብ አራት፣ አንዱ ሁለት እጥፍ፣
ከሌንስና ካሜራ መሐል ገብቶ የሚያርፍ።

ቶኩጂ ሳቀብኝ፤ የድሮው የጀልባ መካኒክ፣
የራሱ ሌንስ የጎረምሳ ጭን የሚያክል።
«ኪኑዬ፣ የልጅ ልጅሽን መጫወቻ ነጠቅሻት?
ቀለበት ስለደረደርሽ ንስር ይቀርብሻል?»

ንስሩ ቀረበኝ።
የባሕሩ በረዶ ላይ ቆሞ ዓሣ ሲቦጭቅ፣
ፀሐይና በረዶ አብረው በሚያበሩበት ቀትር፣
ሁለት እጥፉን ገጥሜ
የቢጫ መንቆሩን ጭረት ቆጠርኩ፤
ጫፉ ላይ አንዲት ቅርፊት ተለጥፋ ቀርታለች።
ስድስት መቶ ሚሊ ሜትር፣ በታመመ ትከሻ!
ቶኩጂ የትራይፖዱን እግር ገና እየዘረጋ ነበር።

ግን ማራዘሚያ ነጋዴ ነው፣ በነጻ አያቀርብም።
አንዱ ከብርሃኑ ግማሹን ይቀበልሻል፤
ሁለት እጥፉ ደግሞ ከአራት እጅ ሦስቱን ወስዶ
እንኪ፣ በሩቡ ተዳደሪ ይልሻል።
ቀን ላይ ሀብታም ነሽና ግብሩ አይታወቅሽም፤
ሒሳብ የሚጠየቀው ሲመሽ ነው።

ያን ማታ ለጉጉቱ ሄድን፣ ለዓሣ በሉ፤
በእኛ ወንዝ ያለው አንድ ጥንድ ብቻ ነው።
ከድልድዩ በታች መንገዱ መስታወት ሆኗል።
ቶኩጂ ሁለቴ ተንሸራተተ፣ ተሳደበ፣
ሌንሱን መኪናው ውስጥ ቆልፎ
ቴርሞስ ብቻ ይዞ ተከተለኝ።
አልሳቅሁበትም።
ፈገግ ብዬ ይሆናል፤ ጨለማ ነው፣ አላየኝም።

ጠበቅን። የሚናገረው ወንዙ ብቻ ነው።
በመስኮቱ ሳይ ሁሉም ጥላ፤
ሌንሱ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል፣
የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰካራም።
ቀትር ላይ ጭረት የቆጠረው
አሁን ዛፍና ሰማይ መለየት አቃተው።

ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ማራዘሚያውን ስፈታ፣
ክዳኑ በረዶ ውስጥ ገብቶ ስዳብስ፣
ወረደ።

ድምፅ የለውም። ቶኩጂ ክንዴን ጨበጠ፣ ያንኑ የታመመውን።
ጥፍሩ ውሃውን ሲሰነጥቅ አየሁ፣
በዓይኔ፣ ያለ ምንም ብርጭቆ፤
ዓሣዋ ስትታጠፍ እንደ ማንኪያ አበራች።

ለዚያ ፎቶ የለኝም።

ያለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦
ባዶው ሌንስ፣ ሦስት መቶ፣ ግብር ያልተነካው ብርሃን፤
ጉጉቱ ድንጋይ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ አክሎ፣
ዙሪያውን ወንዙ፣ በረዶ የከበዳቸው ጥዶች፣
የድልድዩ ዝገት፣ በጥግ በኩልም
ከቴርሞሱ የወጣ እንፋሎት።

አሁን በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ኮሪደር ተሰቅሏል።
የሚያልፍ ሁሉ «ጉጉቱ የታለ?» ይላል፣
አንድ እርምጃ ይጠጋል፣ ሌላ እርምጃ፣
አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ሲል ዝም ይላል።
ሌንሱ ያላቀረበውን
እነሱ በእግራቸው ይቀርቡታል።

ትናንት ቶኩጂ እዚያው ቆሞ አገኘሁት፤
መስታወቱ ላይ የትንፋሹ ጉም አለ።
«ያ መጫወቻሽ» አለኝ ዞር ሳይል፣ «ዋጋው ስንት ነበር?»
ነገርኩት።
«ለእኔ አይደለም» አለ። «ለልጅ ልጄ ነው።»