ደምሴን ስናስገባ

በየካቲት ውርጭ፣ ሳስካቱን ከተማ፣
ካፖርቴ ሥር ይዤ አንድ ፌስታል ጨለማ፣
አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።
ጨለማው ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ደምሴ፣
ሲገላበጥ ይሰማኛል በሆዴና በልብሴ
መሐል።

ደምሴ ያልኩት ራሴ። ሻጯ ግሌንዳ
«ዴምፕሲ» ነበር ያለችው፤ የኔ ጆሮ ግን ባዳ
ቃል ሲገባው አይወድም፣ ከዘመድ ያስጠጋዋል።
ስምን፣ ይባላል፣ መልአክ ያወጣዋል፤
የዚህኛውን ያወጣው ግን
ጠበኛ መልአክ ሳይሆን አይቀርም።
«ብቻውን ይኑር» አለችኝ ፌስታሉን ስትቋጥር፤
«ከሌላ ጋር ካኖርከው ታድራለህ ሬሳ ስትቆጥር።»

ቤት ግን ሌሎች አሉ።
ኦስካር አለ፤ እንደ ሰሐን ሰፊ፣ ጎኑ ላይ ፍም የተበተነበት፣
በር በተከፈተ ቁጥር መስታወቱን በግንባሩ የሚመታበት።
እስረኛዋ አለች፤ ነጭና ጥቁር ሸንተረር የለበሰች፣
አውራ ጣቴን የማታህል፣ ኦስካርን ግን ስንቴ ከጥጉ ያስለቀቀች።
ፕሌኮም አለ፣ መስታወት ላሹ፣ ከማንም ጠብ የሌለው፤
ደግ ስለሆነ አይደለም፣ ቆዳው ጋሻ ስለሆነ ነው።

ገንዳው የያቤጽ ነው። የሚስቴ ልጅ። አሥራ አምስት ዓመቱ።
እኔ እዚህ ቤት ስገባ፣ እሱ ቀድሞ ነበረበት፤
የሶፋው ቀኝ ጥግ የሱ፣ የሪሞቱም ባለቤቱ፤
ፀዳለ ለማታ ሥራ ስትወጣ፣ ሁለት ዝምታ ባንድ ቤት።

«ዓሣ ገዛሁልህ» አልኩት። ፌስታሉን ወደ መብራት ያዘና
«ጃክ ዴምፕሲ? አብደሃል እንዴ!» አለኝ፤
በሦስት ወር ውስጥ ረጅሙ ንግግሩ ይኼ ነበርና
ደስ አለኝ።

ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።
«መጀመሪያ አብላቸው፤ የጠገበ ይታገሣል።
ድንጋዮቹን እናንሣ። ቤቱን የሚያውቅ ነው የሚነክሰው፤
ቤቱ የጠፋበት፣ መንከሱን ይረሳል።
ሁሉም እኩል እንግዳ ከሆነ፣ ሁሉም እኩል ይፈራል፤
ማን ማንን ያባርራል?»

ሁለት ክንድ ገባ፤ የሱ ቀጭን፣ የኔ ጠጉራም።
ውሃው ሃያ ስድስት ዲግሪ፤
ከመስኮቱ ማዶ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት።
ጠፍጣፋውን ድንጋይ ወደ ግራ፣ ዋሻውን ወደ ኋላ፣
የአበባ ማሰሮውን በጎኑ አስተኛነው።
እስረኛዋ መጥታ ትንሿን ጣቴን ነከሰችኝ፤
ያቤጽ ሳቀ።
ፍንጭት መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት።

መብራት አጠፋን። ፌስታሉን አንሳፈፍነው፣
ውሃ ከውሃ እስኪላመድ፣ ሃያ ደቂቃ።
ማንም አላወራ፤ ማጣሪያው ብቻ ያጉረመርማል፣
እንደ ቆረቆረው ሽማግሌ።

ደምሴ ወጣ። በእጅ ባትሪ ተከተልነው።
ኦስካር ጉንጩን ነፋ፤ ደምሴ ከሰል መሰለ፤
አፍ ላፍ ተያያዙ፣ ተጓተቱ፣ አሸዋው ተነሥቶ ሁሉም ነገር ደፈረሰ።
«እንለያያቸው?» አልኩ።
«ቆይ» አለ። ክንዴን ይዞኛል፤ መያዙን አላወቀም።
ሲጠራ፣
እስረኛዋ ሁለቱንም ከማሰሮው ደጅ አባርራ፣
ሁለት ጉልቤ፣ ከፕሌኮ ኋላ፣ ጎን ለጎን ቆመዋል፤
የተቀጡ ተማሪዎች ይመስላሉ።

ጠዋት ቆጠርን። አራት።
የደምሴ ክንፍ ጫፉ ተቀዷል፤
ሁለት የኦስካር ቅርፊት አሸዋው ላይ ያብለጨልጫል።
ሰላም ነው አልልም። ያቤጽም አላለም።
«መከፋፈያ መስታወት ግዛ፣ በተጠንቀቅ ይቀመጥ» ብሎኝ
ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

ማታ ከሥራ ስመለስ፣
ሶፋው መስኮቱ ሥር ዞሯል፣
ቴሌቪዥኑ በኩሽናው በኩል፣ ምንጣፉም አግድም።
ማን እንዳዞረው አልጠየቅሁም።
ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ በረዶው ከጫማዬ ሲቀልጥ፣
የቱ ጥግ የማን እንደሆነ ጠፍቶኝ
ቆሜ ቀረሁ።