የባጃጁ መብራት

ከጥቁር ውሃ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሐይቅ ዳር፣
አራት ዓመት ዞርኩ በሦስት እግር፣ ሳንቲም ስለቅም ሳድር።
አባቴ ዶሬ ባፋና፣ በሁለት ጥማድ መሬት፣
ከማዳበሪያ ዕዳው ጋር፣ ይተያያል ፊት ለፊት።
አንዱን በሬ ለዋናው፣ አንዱን ለወለዱ ሸጦ፣
ቀንበሩ ግድግዳው ላይ፣ እሱ ከሥሩ ተቀምጦ።
ስደውል ድምፁ ይርቃል፣ «ደህና ነን» ይላል፣ «ዘንቧል»፤
የዘነበው ምን ላይ እንደሆን፣ ሳልጠይቀው ይዘጋል።

ወባ ይዞኝ ነው አንድ ሰሞን፣ እቤት ሄጄ የተኛሁት፣
ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ፣ አንድ ራስ በቆሎ ያየሁት፤
በእንሰት ቃጫ ታስሮ፣ ጥቀርሻ ለብሶ ያደረ፣
«የአያትህ ዘር ነው» አለ አባቴ፤ ሌላ ምንም አልጨመረ።
እፍ ብዬ ጥቀርሻውን፣ በአውራ ጣቴ ሳሸው፣
ቀይ፣ ነጭ፣ ወይን ጠጅ ፍሬ፣ አንድ ባንድ ዓይኑን ገለጠው።

ከዚያ ወዲያ
ማለዳ ማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ፣
ጆንያ ጫንኩ ባጃጄ ላይ፦
ከጋሪ ተራ ፋንድያ፣
ከዳቦ ቤት አመድ፣
ከገበያ የተጣለ ጥቅል ጎመን።
ተሳፋሪ ገብቶ አፍንጫውን ይይዛል፤
አንዷ ሴትዮ መንገድ ላይ ወረደችብኝ፣
ሂሳብም አልከፈለች።

የመጀመሪያው ዓመት አላማረም። አልዋሽም።
ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ አገዳው ጉልበቴን አላለፈም።
አቶ በራሳ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ
«መሪ የለመደ እጅ ዶማ አይገባውም» አለ።
እኅቴ ላሚሴ እሑድ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣች፣
ሳምንቱን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ የሰነበተች፣
ማሳው ጫፍ ላይ አንድ ዓይኗን ጨፍና፦
«ረድፍህ ጠማማ ነው፤
እኛ ጋ ቢሆን ሱፐርቫይዘሯ ታስፈታህ ነበር!»
ከቦርሳዋ የክር ጥቅል አወጣች።
በሚቀጥለው ሚያዝያ በዚያ ክር ዘራን፤
በየመሃሉ ቦሎቄ፣
ከሥሩ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ የበሰለ ፍግ፣
ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ከእንግዲህ የማይሸት።

ግንቦት ላይ ተምች ገባ።
መድኃኒት ልንገዛ አልነበረም፤ ገንዘቡም አልነበረም።
ኢዮኤልን ጠራሁት፣ ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ የሚተኛውን፣
ታሪኳንም፣ ታናሽ ወንድሟንም፣
የሠፈሩን የኳስ ቡድን በረኛም።
ባጃጁን ማሳው ራስ ላይ አቁሜ መብራቱን ለቀቅኩት፤
ባትሪው እንዳይሞት ሞተሩ ሌሊቱን ሲንተከተክ፣
ከለጋው ቅጠል ጉያ ትሉን በጣታችን እያወጣን
ሀይላንድ ጠርሙስ ውስጥ፣ ለዶሮ ቀለብ።
«አርባ ሰባት!» ይላል በረኛው፤ «ሃምሳ ሁለት!» ትላለች ታሪኳ፤
ማን እንደሚያሸንፍ እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆን
የጠየቀ አልነበረም።

እኩለ ሌሊት ላይ አባቴ ጋቢውን ደርቦ ወጣ።
መብራቱ መሃል ሲቆም ጥላው
እስከ ማሳው ድንበር ደረሰ።
ተቆጣ ብዬ ነበር።
ጎንበስ አለ፣ አንድ ቅጠል ገለጠ፣
«ሃምሳ ሦስት» አለ።

አሥራ አንድ ኩንታል አገባን። አቶ በራሳ አሥራ ስምንት፤
ከእሱ ሰባቱ ለዕዳ ሄደ። ቀሪውን እናንተ አስሉት።
ላሚሴ አልተመለሰችም፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች፣
«ዘንድሮ ረድፉ ይሻላል» ብላ እሸቷን ይዛ ትሄዳለች።
አባቴ አንድ ራስ መርጦ፣ በዝግታ ፈለፈለ፦
ጫፉን ለወፍጮ፣ ግርጌውን ለወፍጮ፣ ለየብቻ እየከፈለ፤
የመሃሉን ፍሬ ግን፣ ከሁሉ የወፈረውን፣
መዳፌ ላይ አፍስሶ፣ ዘጋልኝ ጣቶቼን።

ትናንት አንዱ ከሐይቅ ዳር ተሳፍሮ
መስኮት የሌለውን መስኮት ሊከፍት እየዳሰሰ
«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለኝ።
«በቆሎ ነው» አልኩት።
«ገና አልበቀለም።»