አንቀጽ ሰባት

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ቅዳሜ ገበያ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ከሲንጀሬ ጉያ፤
ዚፕ ስቀይር ኖርኩኝ፣ የሰው ሱሪ ሳሳጥር፣
በመሐረብ ጫፍ ላይ ብር በብር ስቋጥር።
አንድ ቀን «ቤት አለ» አሉኝ፣ ከቀሃ ወዲህ ማዶ፣
ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው በዝገት ነድዶ።
«ዋጋው?» አልኩት ደላላውን፤ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ፤
እንቅልፍ የሚሉት ነገር ያን ሌሊት መች አገኘኝ!

ሻጮቹ ወንድማማች፣ ደመላሽ እና ገብርዬ፤
«ካርታው አለ፣ ግብር የለበት፤ ምን ቀረሽ?» አሉኝ «እትዬ፤
ነገ ቀብዱን፣ ሰኞ ውሉን፤ ሌላም ገዢ ጓጉቷል።»
ደላላው ሰዓቱን ያያል፤ ልቤ ተንጠልጥሏል።

«ጠበቃ ሳያየው አትፈርሚ» አለች አትጠገብ፣ ጎረቤቴ።
«ጠበቃ ለጠበኛ ነው፤ ምን ጠብ አለው» አልኳት «ቤቴ?»
አልሰማችኝም፤ አራዳ ላይ ደረጃ አስወጣችኝ፣
ከመዝገብ ክምር መሐል ከአቶ አዛናው ፊት ጣለችኝ።

መነጽሩ አንድ እግር የለው፤ በነጭ ክር አስሮታል፤
ካርታውን በጥፍሩ ጫፍ እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤
«እዳ አለበት? እግድ አለው? ወሰንተኛው ማነው በምሥራቅ?
አባት የሞቱት መቼ ነው? ወራሽ ስንት ነው? ይታወቅ።»
«ሁለት ይላል ወረቀቱ።»
                    «ወረቀት ያሉትን ይላል፤
እስቲ ቤቱን ልጠይቀው፤ ቤት ከሰው ይልቅ ያስታውሳል።»

ነሐሴ ነበር፤ ጭቃው ጫማውን ሊያስቀር ውጦ፣
መጣ ጠበቃው፣ ጃንጥላው በነፋስ ተገልብጦ።
ጣሪያውን ትቶ፣ መሠረቱን ትቶ፣ ከመቃኑ ተጎንብሶ፣
እንጨቱን በአውራ ጣቱ እንደ ዕውር ደባብሶ፣
«ይኼ ምንድነው?» አለ።
በካራ የተጫሩ መስመሮች፤ የልጆች ቁመት ኖሯል፤
አንዱ ጎን «ደ»፣ አንዱ ጎን «ገ»፣ ከሁሉም በላይ «ወ» ይላል።

«ወ»ስ ማነው?

ደላላው ሳል ጀመረ።

«ወርቅያንጥፉ» አለ ታናሹ፣ ዓይኑ ከመሬት ሳይነሣ፤
«ታላቃችን ናት፤ መተማ ናት፤ ቆየች… ነገሩ ተረሳ።»
«እንግዲህ» አለ አዛናው፣ መነጽሩን እያወለቀ፣
«ሰሙን ነው የሸጣችሁላት፤ ወርቁማ መተማ ዘለቀ።»

እውነቱን ልናገር፣ የተቆጣሁት በሱ ነው፤
«ምን ነበር ዝም ብትል? ቤቴን እኮ ነው ያፈረስከው!»
«ትርንጎ፣ ልብስ ሰፊ ነሽ። ውሉ የጠፋበትን ልቃቂት
ብትጎትቺው ምን ይሆናል?»
                    «ይቋጠራል» አልኩት በብስጭት።
«ይኼም ውል ነው» አለኝና ወደ ዝናቡ ወጣ።

አራት ወር ደወለ፣ ጻፈ፤ በታኅሣሥ መልስ መጣ፤
መልሱም ራሷ ነበረች፣ ነጠላዋ አቧራ የለበሰ፤
መቃኑን ተጠግታ ቆመች፤ «ወ» ከደረቷ ደረሰ።
«ከዚህ ወዲያ ያለው ቁመቴ» አለች «መተማ ነው ያደገው፤
ሽጡት፤ ሲሶዬን ስጡኝ፤ መቃኑን ግን እኔ ልውሰደው።»

ወንድሞቿ ሳቁ፤ ደላላው ሳቀ፤ እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም።
አዛናው ብቻ የብዕሩን ክዳን ከፈተ፤ አልሳቀም።

«አንቀጽ ሰባት። የዋናው በር የቀኝ መቃን ከሽያጩ ውጭ ነው።
ሻጭ ወርቅያንጥፉ ነቅላ ትወስዳለች፤
ገዢ በራሷ ወጪ ሌላ ትተካለች።»

ሰነድ አረጋጋጭዋ ሁለቴ አነበበችው፤ ቀና ብላ አየችን፤
ከዚያ ማህተሙን መታች።

የሙያውን ዋጋ ከፈልኩት፤ ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠኝ፤
መነጽሩን በጥቁር ክር ጠመጠምኩለት፣ ያለ ደረሰኝ።

መቃኑ በአውቶቡስ ጣሪያ ታስሮ ወደ ቆላ ወረደ።
የኔ በር ግራው አሮጌ ወይራ፣ ቀኙ ለጋ ባሕር ዛፍ፤
ክረምት በገባ ቁጥር እንጨቱ ያብጣል፣
በሩ ገርበብ እንዳለ ይቀራል።
የጎንደር ሰው ቅኔ አይቸግረው፤
«ይኼ በር ቤት አይመታም» ይለኛል።

አይምታ።
በትከሻዬ ገፋ አድርጌ እዘጋዋለሁ፣
ከውስጥ።