ሠላሳ ስምንተኛው ስም

መዝጊያ የሌለው በር፤ ሁለት የድንጋይ ዓምድ።
ጠጠሩ ይናገራል ሰው ሲመጣ፣ ሰው ሲሄድ።
በእንጨት ጭልፋ ቀዳሁ፤ ግራ እጄን፣ ቀኝ እጄን፤
ተጉመጠመጥኩ፤ ተፋሁ የመንገድ ወሬዬን።
ነሐሴ ነው፤ ሐሩር። ዛፉ ሁሉ ይጮኻል፤
የማይታይ ጢንዚዛ በየቅርፊቱ ይሞርዳል።
ዳገቱን ወጣሁት ባልዲ አንጠልጥዬ፣
የአያቴን ብሩሽ፣ ጠጉሩ የሳሳውን፣ አዝዬ።

እዚህ ድንጋይ ብዙ ነው።
ለፈረሶች የቆመ አለ፣ ባሕር ተሻግረው ለቀሩ፤
ካሮት አኑረውለታል፣ ከነቅጠሉ ከነአፈሩ።
ለርግቦች የቆመ አለ፣ ትንሽ፣ እስከ ጉልበቴ፤
"የወፍ ስም አይጻፍም" ይል ነበር አያቴ።
ለነርሶች የቆመው አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል፤
ስማቸውን ጣት እንጂ ዓይን ማንበብ ትቷል።

የኛ ከጥዱ ሥር ነው፤ ወደቡን ያያል።
የአንዲት ጭነት መርከብ ሰው፣ ከአለቃ እስከ ወጥ ቤት፣
አርባ ሦስት ስም፣ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ዝናብ የወረደበት።
ሠላሳ ስምንተኛው፦ ዮሶጂ ናሜካዋ።
አያቴ።
ስሙ እዚህ ሲቀረጽ፣ እሱ ገበያ ወርዶ ዓሣ ይመርጥ ነበር።

መንጋጋው አብጦ ነው፣ ጥርስ ሊያስነቅል የወረደ፤
ወረፋው ረዝሞ ቆየ፤ መርከቡ ትቶት ሄደ።
ሄደ፤ አልተመለሰም። ዝርዝሩን የገለበጠው
ጸሐፊ፣ ስለ መንጋጋ ማን ይንገረው?

ከዓመታት በኋላ፣ የድንጋዩ መጋረጃ ሲገለጥ፣
ስሙን አነበበ አሉ፣ ፊቱ ሳይለወጥ።
ሽማግሎች መጡ ቤቱ፣ ምንጣፍ ላይ ተደፍተው፦
"ይቅር በለን፤ ጠራቢው ነገ መጥቶ ይፋቀው።"
"ተዉት" አለ፤ "አርባ ሦስት ብለው ቆጥረው ነው የተኙ፤
ይነቃሉ፣ አንድ ጎድሎ ካገኙ።"

በየነሐሴው መጥቶ አርባ ሁለቱን ያጥባል፤
የራሱን ይዘለዋል። "የኔን ቤት እታጠባለሁ" ይላል።
አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ከኪሱ መሐረብ ፈትቶ
ያችን ጥርስ ከሥሩ ቀበራት፣ በጣቱ ጉድጓድ ከፍቶ።
ከሰው ገላ የወጣ ነገር እዚህ ግቢ አይቀበርም።
የሺንቶው ካህን ሚኩሪያ አየ፤ ግን አላየም፤
የጥዱን መርፌ ቅጠል ሊቆጥር አንጋጠጠ።

የካቲት ላይ ሞተ።

ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሁለቴ ዝቅ፣ ሁለቴ አጨበጨብኩ፣
አንዴ ደግሞ ዝቅ አልኩ።
አርባ ሁለቱን ጨርሼ ወደሱ ተጠጋሁ፤
ሽበቱን በጥፍሬ ላጥኩ፤ ውኃ አወረድኩ።
ስሙ ወጣ፤ ስለታም፣ ትናንት የተጠረበ ይመስላል፤
የሌሎቹ ጠርዝ ግን በሱ ብሩሽ፣ በዓመት ብዛት፣ ዶልዱሟል።

ብሩሹን አላስነካሁትም። በመዳፌ ብቻ አበስኩት።
ከዚያ ከአለቃው ጀምሬ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቆጠርኩ።
አርባ ሦስት።
ጠጠሩ ዝም አለ።
ማንም አልነቃም።