ሉፑስ

ሐኪሙ ስሙን ሲል ከወረቀት አይቶ፣
ኤርሲሊያ ሳቀች፤ እስከ ጡረታ ቆይቶ፣
ከላቲን ሰሌዳ፣ ከጠመኔ ወርዶ፣
ያ ቃል ደጇን መታ እንደ አውሬው ማልዶ።

ሉፑስ። በአብሩዞ በረዶው ሲከብድ
ተኩላ ነው፤ ሌት ሌት ከበረት የሚወርድ።
በጥንት ሮማ ዓሣ፣ ጥርሱ የገጠጠ፣
ከቲቤር ድልድይ ሥር ወጥቶ የተሸጠ፤
ሜንጦም ይሉት ነበር፣ ገመዱን በጥሶ
የሰመጠ ባልዲ የሚያወጣ ነክሶ፤
እልኸኛ ፈረስ አፉ የሚደማበት
ጥርስ ያለው ልጓም፣ ያም ሉፑስ ነው፣ ብረት።

ሴቴዋን ብቻ ግን፣ ሉፓን፣ ትዘላለች።
በሮማ ጉራንጉር ገላ ሻጭ ነበረች።
አንድ ቀን ናዛሬኖ፣ የአናጢው ልጅ፣ ቆሞ፦
"የሮማን መንትዮች፣ ሲኞራ፣ ያጠባች ማን ናት?
አውሬ ናት ወይስ ሴት?" ብሎ ቢጠይቃት፣
ክፍሉ በሳቅ ሞላ።
እሷ መስኮት ዘጋች።

አሁን ሁለት ጉንጯን ቀይ ቢራቢሮ ወርሷል፤
ጠባቂ ውሻዋ፣ ደሟ፣ መንጋዋን ነክሷል።
ትናንት አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት፣ ቦርሳዋን ሰብስባ፣
ከጎኗ ተነሣች፣ ቅላቱ እንዳይጋባ።
ያን ሌሊት አልተኛች። ያቺን የዘለለቻትን፣
ስሟ የአውሬ የሆነውን፣ ፊቷን ልታይ ሞከረች፤
ፊት አልነበራትም። መዝገበ ቃላት ፊት አይጽፍም።

ናዛሬኖ ሸብቷል። ገበያ ዳር ዓሣ ይሸጣል።
እጁ ቅርፊት ለብሷል፤ ሲያያት ብድግ ይላል።
"አውሬም ናት፣ ሴትም ናት" አለች፣ ሰላም ሳትለው፣
"ያን ጥርሳሙን ዓሣ፣ አዎ፣ እሱን፣ መዝነው።"
እሱም ማንን ሳይል
ሚዛኑን አነሣ።